«ገዳዩ ማን ነው?»፦ ያልተያዙ ተከታታይ ነፍሰ ገዳዮችና የአማተር ግምት ወሰን

መግቢያ

በአዲስ አበባ፣ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ብዙም ሳይርቅ፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ይገኛል። «ይህን ያደረገው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ቦታዎች ይነሣል፤ የሚነሣበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። በችሎቱ ጥያቄው የሚቀርበው ክስ ተመሥርቶ፣ ተከሳሽ በስሙ ተጠርቶና ምስክር ምሎ ነው፤ መልሱም በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ፣ ይግባኝ ሊባልበት በሚችል መልክ ይሰጣል። በመኖሪያው ግቢ ግን፣ በየትኛውም የከተማ መንደር እንደሚሆነው፣ ጥያቄው በጨዋታ መካከል ይወድቃል፤ የሚሰጠው መልስ ፈራሚም ይግባኝ ሰሚም የለውም።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት እጅግ ጎልቶ የሚታየው ማንነቱ ባልታወቀ ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) እ.ኤ.አ. በ2005 ባካሄደው የባለሙያዎች ጉባኤ በተደረሰበት ፍቺ መሠረት፣ ተከታታይ ግድያ ማለት አንድ ወንጀለኛ ወይም አብረው የሚሠሩ ወንጀለኞች በተለያዩ ጊዜያት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን ሲገድሉ ነው። ገዳዩ ሳይያዝ ሲቀር ጉዳዩን የሚዘጋ ፍርድ አይኖርም፤ በዚህም ምክንያት ስም የመጠቆሙ ሥራ ከመርማሪዎች እጅ ወጥቶ የማንም ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ «የአማተር ግምት» የተባለው፣ የመመርመር ሥልጣንና ኃላፊነት ያልተሰጠው ሰው ያልተያዘን ገዳይ ማንነት ለመጠቆም የሚያደርገው ጥረት ነው።

የጽሑፉ መከራከሪያ ይህ ነው፦ የአማተር ሥራ የጠቀመው ሌላ ሰው ሊፈትነው የሚችል ነገር ባቀረበ ጊዜ ነው፤ የጎዳው ደግሞ ስም ብቻ ባቀረበ ጊዜ ነው። ይህን ለማሳየት በቅድሚያ የግምት አሠራር ይተነተናል፤ ቀጥሎም በእንግሊዝና በአሜሪካ የታወቁ ጉዳዮች፣ በኢትዮጵያ የቆዩት አፈርሳታና ሌባ ሻይ፣ እንዲሁም የቀይ ሽብር ተሳታፊዎች በባዕድ አገር ተለይተው የታወቁባቸው ሁለት ጉዳዮች ይመረመራሉ።

ግምት እንዴት ይገነባል?

አማርኛ ለጥርጣሬ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች አሉት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ጥርጣሬን የህልውና ጥበብ ያደርገዋል፤ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው ደግሞ የሰሙትን ሁሉ ሳያመዛዝኑ መቀበልን ይከለክላል። የአማተር ግምት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ይዘነጋል።

የዝንጋታው ምንጭ በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። ለስሌቱ ምቾት 5 ሚሊዮን ሕዝብ ያለባት ከተማ ትታሰብ፤ ስለ አንድ ያልታወቀ ገዳይም ጾታውን፣ የዕድሜ ክልሉን፣ ቁመናውንና የሥራ ጠባዩን የሚገልጽ መረጃ አለ ይባል። ይህ መግለጫ ከ10,000 ሰው ለአንዱ ብቻ የሚስማማ ቢሆን፣ በከተማዋ ውስጥ 500 ሰዎች ይስማማሉ። ገማቹ ከእነዚህ አንዱን ሲያገኝ «ሁሉም ነገር ገጠመ» ይላል። ሌላ ማስረጃ ከሌለ ግን ያ ሰው ገዳይ የመሆኑ ዕድል ከ500 አንድ፣ ማለትም 0.2 በመቶ ብቻ ነው። «ከ10,000 ሰው ለአንዱ ብቻ ይስማማል» የሚለውን «ንጹሕ የመሆኑ ዕድል ከ10,000 አንድ ነው» ብሎ መተርጎም በማስረጃ ሕግ ጥናት የዐቃቤ ሕግ ስሕተት በመባል የሚታወቀው ነው።

ሁለተኛው ችግር የፍለጋው አቅጣጫ ነው። መርማሪ ከማስረጃው ተነሥቶ ወደ ሰው መሄድ ይገባዋል፤ ገማች ግን ብዙ ጊዜ ከሰው ተነሥቶ ወደ ማስረጃ ይሄዳል። የልደታ ኮንዶሚኒየም ዓይነት መኖሪያ ይህን አካሄድ ለመረዳት ይጠቅማል። ኮንዶሚኒየሙ የተሠራው ነባሩ ሰፈር በመልሶ ማልማት ፈርሶ በተለቀቀው ቦታ ላይ ነው፤ በእንደዚህ ያሉ ሕንፃዎች ዕጣ የደረሳቸው፣ የልማት ተነሺዎችና በየጊዜው የሚለዋወጡ ተከራዮች በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አምሽቶ መግባት፣ ከጎረቤት አለመነጋገር፣ የመጡበት ሰፈር አለመታወቅ እዚያ የብዙ ሰው የዕለት ኑሮ ነው። አንድ ጊዜ ጥርጣሬ ያረፈበት ሰው ግን እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ይሆኑበታል፤ ዝምታው ምስጢረኛነት፣ ሰላምታው ማስመሰል ተብሎ ይተረጎማል። የትኛውም ጠባይ ጥርጣሬውን የሚያጠናክር ከሆነ፣ ጥርጣሬው የሚፈተንበት መንገድ የለውም ማለት ነው።

ለንደን፣ 1888፦ ስም ያለ ማስረጃ

በምሥራቅ ለንደን በኋይትቻፕል አካባቢ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 31 እስከ ኅዳር 9 ቀን 1888 ባለው ጊዜ አምስት ሴቶች ተገደሉ፤ ሜሪ አን ኒኮልስ፣ አኒ ቻፕማን፣ ኤልዛቤት ስትራይድ፣ ካትሪን ኤዶውስና ሜሪ ጄን ኬሊ። ገዳዩ አልተያዘም። ዓለም የሚያውቀው «ጃክ ዘ ሪፐር» የተሰኘው ስም የመጣው በዚያው ዓመት መስከረም 27 ቀን ለአንድ የዜና ድርጅት ከደረሰ ደብዳቤ ሲሆን፣ የዘመኑ የፖሊስ ሹማምንት ደብዳቤውን የጻፈው ጋዜጠኛ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የገዳዩ መጠሪያ ራሱ የፈጠራ ውጤት መሆኑ ለቀጣዩ ታሪክ ምሳሌ ሊሆን ይችላል።

የግምቱ የመጀመሪያ ሰለባ ጆን ፓይዘር የተባለ ጫማ ሠሪ ነበር። በአካባቢው «የቆዳ ሽርጥ» በሚል ቅጽል ስለሚጠራ አስፈሪ ሰው ወሬ ተናፈሰ፤ ወሬው በስደተኛ አይሁዳውያን ላይ ከነበረው ጥላቻ ጋር ተቀላቅሎ ፓይዘር ላይ አረፈ። መስከረም 10 ቀን ተያዘ። ኒኮልስ በተገደለችበት ሌሊት በሌላ የከተማው ክፍል እንደነበረ፣ እንዲያውም ከአንድ ፖሊስ ጋር መነጋገሩ ተረጋገጠ፤ በአስከሬን ምርመራው ችሎት ፊት ቀርቦም ስሙን እንዲያነጻ ዕድል ተሰጠው። ፓይዘር የዳነው የነበረበትን ቦታ የሚያረጋግጥለት ሰው በመገኘቱ ነው። በዚያች ሌሊት ብቻውን ተኝቶ ያደረ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ዕድል ባላገኘም ነበር።

ሙያተኞችም ከስም ጠቋሚነት ፈተና አላመለጡም። ሜልቪል ማክናተን የተባለው የፖሊስ ሹም እ.ኤ.አ. በ1894 በጻፈው ማስታወሻ ሦስት ተጠርጣሪዎችን ጠቅሷል። ማክናተን ፖሊስን የተቀላቀለው ግድያዎቹ ከተፈጸሙ በኋላ በ1889 ነው። ከሦስቱ አንዱን የ41 ዓመት ሐኪም አድርጎ ገለጸው፤ ሰውየው ግን የ31 ዓመት ጠበቃና መምህር ነበር። ሌላው ግድያዎቹ በተፈጸሙበት ወቅት በፈረንሳይ እስር ቤት እንደነበረ ከብዙ ዘመን በኋላ በሰነድ ተረጋግጧል። ማስታወሻው ይህን ያህል ጉድለት እያለበት ከመቶ ዓመት በላይ የመጻሕፍት ምንጭ ሆኖ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ በገዳይነት የተጠቆሙት ሰዎች ከመቶ በላይ ናቸው። ከእነርሱም መካከል የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ልዑል አልበርት ቪክቶር ይገኝበታል፤ የቤተ መንግሥት መዛግብት ግን ከግድያዎቹ አንዳንዶቹ ሲፈጸሙ ልዑሉ በስኮትላንድ እንደነበረ ያሳያሉ። ስደተኛው፣ ሐኪሙ፣ እብዱና መስፍኑ በየተራ መጠርጠራቸው ስለ ገዳዩ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በየዘመኑ የጠርጣሪዎቹ ፍርሃትና ቂም ወደ ማን ያዘነበለ እንደነበር ግን በግልጽ ያሳያል። የታሪክ ጸሐፊዋ ሃሊ ሩበንሆልድ እ.ኤ.አ. በ2019 የአምስቱን ሴቶች ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ እስክታሳትም ድረስ፣ የገዳዩን ስም ለማወቅ ከፈሰሰው ቀለም ጋር ሲነጻጸር ስለ ሟቾቹ ኑሮ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነበር።

ካሊፎርኒያ፣ 1969፦ የተፈታው ምስጢርና ያልተገኘው ስም

እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 በሰሜን ካሊፎርኒያ «ዞዲያክ» ብሎ ራሱን የሰየመ ገዳይ በአራት ጥቃቶች አምስት ሰዎች ገደለ፤ ሁለት ሰዎች ቆስለው ተረፉ። ገዳዩ ለጋዜጦች ደብዳቤና በምስጢራዊ ምልክት የተጻፉ መልእክቶች ይልክ ነበር። በሐምሌ 1969 ለሦስት ጋዜጦች ከፋፍሎ የላከውን የ408 ምልክቶች መልእክት በጥቂት ቀናት ውስጥ የፈቱት ዶናልድ ሃርደን የተባለ መምህርና ባለቤቱ ቤቲ ናቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር የተላከው የ340 ምልክቶች መልእክት ደግሞ 51 ዓመት ያህል ሳይፈታ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2020 አንድ አሜሪካዊ፣ አንድ አውስትራሊያዊና አንድ ቤልጅየማዊ ተባብረው ፈቱት። ኤፍቢአይም መፍትሔውን አረጋግጧል።

እነዚህ ሥራዎች የአማተር ጥረት የደረሰበትን ከፍታ ያሳያሉ። የምስጢራዊ ጽሑፍ መፍትሔ በባሕርዩ የሚፈተን ነው፤ ቁልፉ ትክክል ከሆነ ማንም ሰው ምልክቶቹን በዚያው ቁልፍ ተክቶ ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ያገኛል፤ ስሕተት ከሆነ ደግሞ ፊደላቱ አይገጥሙም። የፈቺው ዝናም ሆነ እልህ ውጤቱን አይለውጠውም። ከሁለቱም መልእክቶች የገዳዩ ስም አልተገኘም፤ ፈቺዎቹም ያላገኙትን ስም አልጨመሩም።

በአንጻሩ በዚያው ጉዳይ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 ከታተመ ታዋቂ መጽሐፍ ጀምሮ በገዳይነት ሲጠቀስ ኖሯል። ስሙን እዚህ መድገም አስፈላጊ አይደለም። የጣት አሻራውና የእጅ ጽሑፉ ከገዳዩ ናቸው ከተባሉት ጋር አልተመሳሰሉም፤ በ2002 ከደብዳቤ ላይ በተወሰደ ከፊል የዲኤንኤ ናሙና የተደረገው ንጽጽርም አልገጠመም። ሰውየው ክስ ሳይመሠረትበት በ1992 ሞቷል። ጥርጣሬው ግን እያንዳንዱን የማይገጥም ውጤት «ጓንት አድርጎ ይሆናል»፣ «ደብዳቤውን ሌላ ሰው አሽጎት ይሆናል» በሚል ማብራሪያ እያለፈ ቀጥሏል። ማብራሪያዎቹ ሊሆኑ የማይችሉ አይደሉም፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ከጥርጣሬ ነጻ ሊወጣ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አይኖርም።

የሐሰት ምሪት ዋጋ

ግምትና ሐሰት በምርመራ ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት ከስም ማጥፋት ያልፋል። ፒተር ሰትክሊፍ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1980 በሰሜን እንግሊዝ 13 ሴቶችን ገድሏል። ምርመራው በመካሄድ ላይ ሳለ ገዳዩ ነኝ የሚሉ ደብዳቤዎች፣ በሰኔ 1979 ደግሞ የድምፅ ቅጂ ለፖሊስ ደረሱ። ደብዳቤዎቹ የተፈረሙት «ጃክ ዘ ሪፐር» በሚለው የ1888ቱ ስም ነበር። የተናጋሪው አነጋገር ከሰንደርላንድ አካባቢ ስለነበር ምርመራው ወደዚያ ዞረ፤ የዚያ አካባቢ አነጋገር የሌላቸው ተጠርጣሪዎችም ከዝርዝር ይወጡ ጀመር። ሰትክሊፍ የብራድፎርድ ሰው ነበር። ፖሊስ በምርመራው ዘመን ዘጠኝ ጊዜ አነጋግሮት ለቆታል። ቅጂው ከደረሰ በኋላ ሦስት ሴቶች ተገድለዋል፤ ገዳዩ የተያዘው በጥር 1981 ነው። ድምፁን የቀዳው ሰው ከፖስታው በተገኘ ዲኤንኤ ተለይቶ በ2006 የስምንት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ትምህርት ፖሊስንም ይመለከታል፤ ከሕዝብ የሚመጣ መረጃ ሳይፈተን የምርመራው ወንፊት ሲሆን፣ እውነተኛው ወንጀለኛ በወንፊቱ ቀዳዳ ይወጣል። ስለ ምርመራው ድክመት በሰር ሎውረንስ ባይፎርድ የተዘጋጀው ይፋ ሪፖርትም ይህን ጉድለት በዝርዝር መርምሯል።

ዲኤንኤ እና አዲሱ ግምት

ሳይንሳዊ መሣሪያ መያዝ ብቻውን ግምትን ማስረጃ አያደርገውም። የለንደኗ ካትሪን ኤዶውስ ከተገደለችበት ስፍራ የተገኘ ነው የተባለ የሐር ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ2007 በጨረታ ተሸጠ። ገዢው በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ ከጨርቁ በተወሰደ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የገዳዩ ማንነት ታውቋል አለ። ሆኖም ጨርቁ በወንጀሉ ስፍራ ስለ መገኘቱ የዘመኑ ሰነድ የለም። የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤም በእናት በኩል የሚወረስ በመሆኑ ብዙ ሰዎች ይጋሩታል፤ አንድን ሰው ከተጠርጣሪነት ሊያስወጣ ይችላል እንጂ ብቻውን ነጥሎ ሊያመለክት አይችልም። በ2014 ብርቅ ነው የተባለ አንድ የዘረመል ለውጥም በአሰያየም ስሕተት የተነሣ እንጂ በአብዛኞቹ አውሮፓውያን ዘንድ የሚገኝ መሆኑን ባለሙያዎች አመልክተዋል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆመው በካሊፎርኒያ «ወርቃማው ግዛት ገዳይ» የተባለው የጆሴፍ ዴአንጀሎ ጉዳይ ነው። ይህ የቀድሞ ፖሊስ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ 13 ሰዎችን ገድሏል፤ በርካታ ሴቶችንም ደፍሯል። ስለ ማንነቱ ለዓመታት ብዙ ስሞች ሲነሡ የእርሱ ስም ከተጠርጣሪዎች ተርታ አልነበረም። የተገኘው መርማሪዎችና የትውልድ ሐረግ ባለሙያዎች ከወንጀሉ ስፍራ የተገኘውን ዲኤንኤ ሰዎች በፈቃዳቸው ካስገቧቸው ናሙናዎች ጋር አነጻጽረው፣ ሩቅ ዘመዶቹን ለይተው፣ የዘር ሐረግ በመገንባታቸው ነው። ሐረጉ ወደ እርሱ ሲያመለክትም ወዲያው ገዳይ አልተባለም፤ ከመኪናው በር እጀታና ከጣለው ሶፍት ናሙና ተወስዶ ከወንጀሉ ስፍራ ናሙና ጋር በቀጥታ ከተመሳከረ በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 2018 ተያዘ። በ2020 ጥፋተኛነቱን አምኖ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። በዚያው ፍለጋ ቀደም ሲል የዘር ሐረግ በስሕተት ያመለከተው አንድ አዛውንትም ነበሩ፤ እርሳቸውን ከጥርጣሬ ያወጣቸው ይኸው የመጨረሻው ንጽጽር ነው።

አፈርሳታና ሌባ ሻይ፦ የአገሩ ልምድ

ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜ የማኅበረሰቡ አባላት ስም እንዲጠቁሙ ማድረግ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በተባለው ሥርዓት፣ ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ተፈጽሞ ፈጻሚው ሲሰወር የአካባቢው ነዋሪዎች በአንድ ቦታ ይሰበሰቡ ነበር። እየማሉ ያዩትንና የሰሙትን እንዲናገሩ ይጠየቃሉ፤ ምስጢሩን በስውር የሚያቀብለው ሰውም «ወፍ» ይባል ነበር። ወንጀለኛው ካልተገኘ ነዋሪዎቹ ለተበዳዩ በጋራ ካሳ ይከፍላሉ።

ሥርዓቱ ከዛሬው የመብት መመዘኛ አንጻር ከባድ ጉድለቶች አሉት። ንጹሓንን ከሥራቸው ያስተጓጉላል፤ በማያውቁት ጉዳይ ዕዳ ያሸክማል፤ ወፉም ተጠቋሚው ፊት ለፊት ሊጠይቀው የማይችል ምስክር ነው። ይሁንና ሁለት ገደቦች ነበሩት። ተናጋሪው በመሐላ የታሰረ ነው፤ ተጠቋሚውም ከብት ካብሮት የሚሰማራ፣ ነገም በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚገናኘው ጎረቤቱ ነው። ስም መጥራት ዋጋ ነበረው።

ሌባ ሻይ ከዚህ የተለየ ነው። ለአንድ ልጅ አደንዛዥ መድኃኒት ይሰጠውና ናላው ሲዞር በወገቡ በታሰረ መቀነት እየተያዘ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን እንዲከፍል ይደረጋል። ይህ አሠራር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት እየተከለከለ የቀረ ነው። በሌባ ሻይ ልጁ ለጠቆመው ተጠያቂ አይደለም፤ ያየው ነገር የለም፤ የጠቆመበትም ምክንያት ሊመረመር አይችልም። የተጠቋሚው ክርክር ዋጋ የለውም፤ ማስረጃው መውደቁ ራሱ ነውና።

ያልተያዘ ገዳይን ስም የሚጠቁመው የዛሬ ገማች በመሐላና በጉርብትና ስለማይታሰር ከአፈርሳታው ይልቅ ለሌባ ሻይ ይቀርባል። ጎረቤት ጎረቤቱን በስም በማያውቅበት የኮንዶሚኒየም ኑሮ ደግሞ አፈርሳታው የነበሩት ገደቦች ይላላሉ፤ የጥቆማው ጉዳት ግን አይቀንስም። የተጠቆመው ሰው በዚያው ደረጃ ወጥቶ በዚያው በር መግባቱ አይቀርለትምና።

ለይቶ ማወቅና መገመት

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ያልተያዘ ገዳይ ተገኘ የሚባልበት እጅግ የታወቀው ታሪክ ከቀይ ሽብር ጋር የተያያዘ ነው። የቀይ ሽብር ግድያ መንግሥታዊ ጭፍጨፋ በመሆኑ ከተከታታይ ነፍሰ ገዳይነት ፍቺ ጋር አይገጥምም፤ ነገር ግን ፈጻሚው ተሰውሮ ተራ ሰው ሲያገኘው ምን እንደሚደረግ ያሳያል።

በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ በአሜሪካ አትላንታ በአንድ ሆቴል ሲሠራ፣ በእርሱ ትእዛዝ ተሠቃይታ የነበረችና በዚያው ሆቴል የምትሠራ ሴት ለየችው። ሦስት ሴቶች በመሠረቱት የፍትሐ ብሔር ክስ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1996 አጸናው፤ ቀልቤሳም በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። በከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረው ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ ደግሞ በኮሎራዶ በሌላ ሰው ስም ሲኖር በ2011 አንድ የቀድሞ እስረኛ ለየው። የቀድሞ እስረኞች ፍርድ ቤት ቀርበው መሰከሩ፤ በ2014 ከስደት ማጭበርበር ጋር በተያያዙ ወንጀሎች የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እነዚህ ሰዎች ገማቾች አልነበሩም። ያወቁት ራሳቸው ያዩትን፣ በአካላቸው የደረሰባቸውን ሰው ነው፤ ያወቁትንም ለሚመረምር አካል አቅርበው በመሐላ ተጠይቀውበታል። እንዲያም ሆኖ ዕውቅናው ራሱ መፈተን ነበረበት። ጆን ዴምያንዩክ የትሬብሊንካው «አስፈሪው ኢቫን» ነው ብለው ከካምፑ የተረፉ ምስክሮች ከመሰከሩበት በኋላ በ1988 በእስራኤል ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 ኢቫን ማርቼንኮ የተባለ ሌላ ሰው መሆኑን የሚያመለክቱ ሰነዶችን ተመልክቶ ፍርዱን ሽሯል። በቅንነት የመሰከረ የዓይን ምስክር ሊሳሳት የሚችል ከሆነ፣ ምንም ያላየ ገማች የሚሰጠው ስም ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው ግልጽ ነው።

የሕጉ ሚዛን

የኢትዮጵያ ሕግ የዜጋውን ጥቆማ አይከለክልም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም ባያይም እንኳ፣ ወንጀልን የማመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(3) የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ ሰብአዊ ክብርና መልካም ስም ሊከበር እንደሚገባ ያረጋግጣል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በሐሰት መወንጀልንና ስም ማጥፋትን ያስቀጣል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ስም ማጥፋትን በኃላፊነት ያስጠይቃል።

ድንጋጌዎቹ አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሰጡት ሥዕል ወጥ ነው። ጥርጣሬን ለሚመረምር አካል ማቅረብ መብት ነው፤ ያንኑ ጥርጣሬ እንደ ተረጋገጠ እውነት ለአደባባይ መናገር ግን ኃላፊነት ያስከትላል። ሕጉ የሚለየው በጥርጣሬው ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በሚቀርብበት ቦታም ጭምር ነው፤ መርማሪው ጥርጣሬውን ሊፈትነውና ሊጥለው ይችላል፣ አደባባዩ ግን ሊፈትነው አቅም የለውም።

ማጠቃለያ

ከተመረመሩት ጉዳዮች ለተመራማሪ የሚጠቅሙ ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የቀረበው ነገር ከአቅራቢው ተለይቶ በሌላ ሰው ሊፈተን ይችላልን? የሃርደን ባልና ሚስት ቁልፍ ይችላል፤ የማክናተን ማስታወሻ የተፈተነው እጅግ ዘግይቶ ነው። ሁለተኛ፣ ተጠቋሚውን ከጥርጣሬ የሚያወጣው ማስረጃ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሯልን? ካልተነገረ እያንዳንዱ የማይገጥም ውጤት በአዲስ ማብራሪያ ይታለፋል። ሦስተኛ፣ ጠቋሚው ለስሕተቱ ይጠየቃልን? ተጠያቂነት በሌለበት ስም መጥራት ርካሽ ይሆናል፤ ዋጋውም በተጠቋሚው ላይ ይወድቃል።

ያልተያዘ ገዳይ ለሟች ቤተሰብ የማይዘጋ ቁስል፣ ለአካባቢው ነዋሪም ስጋት በመሆኑ ጥያቄውን «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብሎ መተው አይቻልም፤ አይገባምም። ያየ ይመስክር፣ ሰነድ ያገኘ ሰነዱን ያቅርብ፣ ምስጢራዊ ጽሑፍ የፈታ ቁልፉን ይስጥ። ይህን ሁሉ ሳይዝ ስም ብቻ የያዘ ሰው ግን፣ ስሙን ለጎረቤት ከማቀበሉ በፊት፣ ያ ስም ያለበት ሰው በዚያች ሌሊት ብቻውን ተኝቶ አድሮ ቢሆንስ ንጽሕናውን በምን ሊያስረዳ እንደሚችል መጠየቅ ይኖርበታል።